«ጉልበት መጨመሪያ» ይከልከል ወይስ ገዢው ዓይኑን ይግለጥ?

ባለ ሃይስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ በ3,500 ብር አንዲት ትንሽ ሳጥን ገዛሁ። የሲጋራ መለኮሻው ላይ ትሰካለች፣ አረንጓዴ መብራት ታበራለች። «ሞተርህ 30 በመቶ ጉልበት ይጨምራል፣ ናፍጣም ይቆጥባል» ተባልኩ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ያው ሁለተኛ ማርሽ፣ ያው ጥቁር ጭስ። ረዳቴማ «ጋሼ፣ ዕቃዋ ተኝታለች መሰለኝ» ብሎ ሳቀብኝ። ሻጩ «ሞተሩ እስኪለምዳት ታገስ» ይላል። እንዲህ ያለው ነገር ከገበያ ይከልከል ትላላችሁ ወይስ ጅሉ እኔ ነኝ?

መካኒኩ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ጅል አይደለህም፣ ዳገት ያስመረረህ ሰው ነህ። ያንተ ሃይስ «5ኤል» የሚሉት ሞተር ያለው አይደል? 3,000 ሲሲ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ናፍጣ ሞተር ነው፤ አየር ገፍቶ የሚያስገባ ተርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ናፍጣውን የሚመጥነው ፖምፓው ነው፣ እሱም በብረትና በስፕሪንግ። ታዲያ ሳጥኗ ለማን ነው ትእዛዝ የምትሰጠው? መለኮሻው እኮ ለመብራቷ ኮረንቲ ከመስጠት በቀር ወደ ሞተሩ የሚሄድ ሌላ ሽቦ የለውም።

ሐረጎ ላይ የሚጎድልህ አየር ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ገደማ ላይ ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል፤ የገባው ናፍጣ ሙሉ በሙሉ አይነድም፣ ጥቁር ጭስህ እሱ ነው። እናቶቻችንም ያውቁታል፤ ያው ባቄላ ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ የበለጠ እንጨት ይፈጃል።

ዕቃ ሻጭ (ሌላ ሱቅ ነኝ፣ እንዳታያይዙኝ)፦
ሁሉንም በአንድ ዓይን አትዩ። እኔ የምሸጥለት ሰው «ቀሎልኛል» ብሎ ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። ውሸት ቢሆን ይመለስ ነበር?

መካኒኩ፦
ይቀለዋላ! ስትገጥምለት ፊልትሮውን አራግፈህ፣ የጎማውን ንፋስ ሞልተህ ትሰደዋለህ። 3,500 ብር የከፈለ ሰው ደግሞ በማግስቱ ነዳጅ ሲሰጥ እግሩን ይቆጥባል።

የቪትዝ ልጅ፦
እኔስ ባሰብኝ። የኔዋ ኮምፒውተር አላት፣ ስለዚህ «ቺፕ» ብለው በሞተሩ አየር መግቢያ የሙቀት ሴንሰር መስመር ላይ የሆነች ነገር ሰኩልኝ። በኋላ ስናወጣት ቀይ ፕላስቲክ ውስጥ የተሸጎጠች፣ ኮረንቲ የምትገታ አንዲት ሬዚስተር! የሬዲዮ ጠጋኝ በሳንቲም የሚሰጥህ ዓይነት። አየሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ አስመስላ ኮምፒውተሩን ትዋሸዋለች፣ እሱም ቤንዚን ይጨምራል። ማርሚታው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ደግሞ «በዝቷል» ብሎ ያስቀንሰዋል። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ከፋዩ እኔ።

አይሱዙ ነጂ፦
እኔ መከልከሉን አልደግፍም። ከተከለከለ በጓዳ ይሸጣል፣ ያኔ ዋጋው እጥፍ ነው። ደግሞ እውነተኛው አለ። ባለ ተርቦ አዲስ ናፍጣ መኪና ኮምፒውተሩ በሚያውቅበት ሰው ቢስተካከል ጉልበት ይጨምራል፤ አይቻለሁ። ሙቀቱንና የፍሪሲዮኑን ዕድሜ ግን ባለቤቱ ይችላታል። ጅምላ ክልከላ ይህንንም አብሮ ይቀብረዋል።

መምህርት ከሐይቅ፦
የእናንተ ክርክር ስለ ብር ነው፣ የኔ ስለ ነፍሴ። በየሳምንቱ በዚህ መስመር እሄዳለሁ። ሾፌሩ «ጉልበት ጨምሬያለሁ» ብሎ ካመነ አራት ሰው ትርፍ ይጭናል፣ አይተነዋል። እሺ፣ ሽቅቡን ወጣ እንበል፤ ቁልቁል ሲመለስ ፍሬኑንስ ማን ጨመረለት? ባለ ሃይስ፣ ጋሼ፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም።

ባለ ሃይስ፦
ኧረ እኔንም ጨምሪኝ እህቴ። የገዛሁ ሰሞን አንድ ሁለት ሰው ጨምሬያለሁ። ወላሂ አልዋሽም።

ሕግ የተማረ፦
አዲስ ክልከላ ለምን ያስፈልጋል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። «30 በመቶ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ያስረዳ፣ ካልቻለ ይጠየቅ። እዚህ እኮ ማንም ደረሰኝ አይቀበልም፣ ከዚያ «ተበላሁ» ይላል። ጋሼ፣ ደረሰኝ አለዎት?

ባለ ሃይስ፦
...ሻይ ነው የጋበዘኝ።

ሕግ የተማረ፦
በሉ እንግዲህ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ «ነዳጅ ይቆጥባሉ» የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ የረባ ቁጠባ የሚያመጣ አንድም አላገኘም። እነሱ ያጡትን የኛ ሱቅ በየመደርደሪያው አለው።

ዕቃ ሻጭ፦
አሜሪካ ሐረጎን አያውቀውም።

መካኒኩ፦
ጥሩ፣ ሐረጎ ይፍረድ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ያችው ሃይስ፣ ያው ጭነት፣ ያው ሾፌር። ከኮምቦልቻ የናፍጣ ሳልቫትዮዋን አፍ እስከ አፍ ሞልተን ደሴ ድረስ ሁለቴ ሳጥኗን ሰክተን፣ ሁለቴ ነቅለን እንወጣለን። በየዙሩ ስንመለስ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ላይ ሞልተን ስንት እንደወሰደ እንጽፋለን፣ ሰዓቱንም እንይዛለን። ሻጩ ወንድማችን ጋቢና ይቀመጥ። ባለ ሃይስ ግን የተሰካችበትን ዙር እንዳያውቅ መብራቷን በፕላስተር እንሸፍናለን፤ የሰው እግር ያዳላል።

ዕቃ ሻጭ፦
እመጣለሁ። ናፍጣው በማን ነው?

ባለ ሃይስ፦
በተሸናፊው። ደረሰኝ ይዘህ ና።