የወገብ ሕመሜ ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ፤ ከኪኒን ውጪ ምን ረዳችሁ?

እናት_ከጉለሌ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። 43 ዓመቴ ነው፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የታችኛው ወገቤን ማመም ከጀመረኝ ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ። አንዳንድ ቀን ወደ ግራ እግሬ ይወርዳል። ኤምአርአይ ተነስቼ «ዲስክሽ፣ በአከርካሪ አጥንቶችሽ መሃል ያለው ለስላሳ ነገር፣ ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ለኦፕራሲዮን ግን አያደርስም» ተባልኩ። ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ታዘዘልኝ። ሲያልቅብኝ ራሴ እየገዛሁ ቀጠልኩበት፣ አሁን ጨጓራዬን ያቃጥለኛል። የወገብ ቀበቶም ገዝቼ ከጠዋት እስከ ማታ አስሬ ነው የምውለው።

ያስቸገረኝ የምክሩ ብዛት ነው። ጎረቤቴ ወጌሻ ጋ ልውሰድሽ ትላለች። እህቴ ጸበል ግቢ ትለኛለች። መሥሪያ ቤት ደግሞ አንዷ ዋግምት፣ አንዱ አኩፓንክቸር (በቀጫጭን መርፌ የሚወጉት ሕክምና) ይሉኛል። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ሕመሙ የለም። ደስታዬን አልነግራችሁም! ብርድ ልብሶቹን በሙሉ በእጄ አጠብኩ፣ ቤቱን ወለወልኩ፣ ከሰዓት ወደ ሠላሳ እንጀራ ጋገርኩ። እሑድ ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። እስከ ረቡዕ ካልሲዬን እንኳ ያጠለቀችልኝ ልጄ ናት። አለቀስኩ።

ከእንዲህ ያለ ሕመም ጋር የምትኖሩ ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ። ምን ረዳችሁ? ይድናል ወይ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ስለ ቅዳሜው የጻፍሽውን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። እኔ እዚህ አሜሪካ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስሠራ፣ ሰው ሳነሳ ነው የጀመረኝ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ይድናል ወይ ላልሽው፣ የኔ ጨርሶ አልጠፋም። ግን ያኔ ልጄን ማቀፍ ያቃተኝ ሰው ዛሬ ሙሉ ቀን ሠርቼ እገባለሁ። ይሄን ያመጣው አንድ ተአምረኛ ሕክምና አይደለም። ደህና ቀን ሲመጣልኝ ራሴን መያዝ መማሬ ነው።

ልማዴ ልክ እንዳንቺ ነበር። ሲሻለኝ የሳምንቱን ሥራ በአንድ ቀን ልጨርስ እላለሁ፣ ከዚያ ሦስት ቀን እተኛለሁ፣ ስነሳ ጡንቻዬ ደክሟል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ በትንሽ ሥራ ያመኛል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመት በዓመት የምችለው ነገር እያነሰ መጣ። ፊዚዮቴራፒስቷ «ሕመሙ እስኪያስቆምሽ አትጠብቂ፣ ሰዓት ያስቁምሽ» አለችኝ። አሁን ስልኬ ላይ ደወል እሞላለሁ። ሳያመኝ ሃያ ደቂቃ መቆም የምችል ከሆነ በአሥራ አምስተኛው ቁጭ እላለሁ፣ ሥራው ባያልቅም። ደህና ቀንም ያው ነው። ሲያመኝ ደግሞ ጭራሽ አልተወውም፣ ቀንሼ እሠራለሁ። መጠኑን የምጨምረው በሳምንት ትንሽ ትንሽ ነው። አንቺም እንጀራውን ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ ጋግሪ። ምጣዱ መሬት ላይ ከሆነ ጠንካራ ነገር ላይ አውጪውና ቀጥ ብለሽ ጋግሪ። ብርድ ልብስ በእጅ ማጠቡን ግን ለልጆቹ ተዪላቸው፣ እባክሽ።

ሌላው የረዳኝ ትንፋሽ ነው። እዚህ የስምንት ሳምንት የማይንድፉልነስ ኮርስ አለ፣ ትንፋሽንና የሰውነትን ስሜት በእርጋታ ማስተዋል የሚያስተምር፤ ጆን ካባት-ዚን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመረው ነው። መጀመሪያ ሲልኩኝ «ሕመሙ በሐሳብሽ ነው» ያሉኝ መስሎኝ በጣም ተናድጄ ነበር። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሕመሙ እውነት ነው። ግን ሲያመኝ ትከሻዬ ይወጠራል፣ ጥርሴን እነክሳለሁ፣ «ዛሬም አለቀልኝ» እላለሁ፣ ያ ሁሉ ሕመሙ ላይ ይደመራል። ማታ ጸሎቴን ስጨርስ በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቴን አጥፋለሁ። አንድ እጄን ሆዴ ላይ አደርጋለሁ። በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ አስገባለሁ፣ ስተነፍስ ካስገባሁበት ረዘም አደርገዋለሁ። አሥር ደቂቃ ብቻ። ሕመሙን አያጠፋውም። ግን እንቅልፍ ይወስደኛል፣ እንቅልፍ ያገኘሁ ቀን ጠዋቱ ሌላ ነው። በጎንሽ ስትተኚ ጉልበቶችሽ መሃል ትራስ አድርጊ።

ፊዚዮ_ሐዋሳ

ከላይ የተባለው ሰዓት መጠበቅ እኔም ታካሚዎቼን በየቀኑ የምለምነው ነገር ነው። እኔ ሌላውን ልጨምር።

ኤምአርአዩ አያስፈራሽ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ አለ። ምንም ሕመም ከሌላቸው የ40 ዓመት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ላይ የዲስክ ማበጥ ታይቷል። «ዲስኬ ወጥቷል» ብሎ መንቀሳቀስ መፍራት ከዲስኩ በላይ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ለቆየ የወገብ ሕመም መመሪያ አውጥቷል። የሰውነት እንቅስቃሴን፣ ስለ ሕመሙ መማርን፣ ማሳጅን፣ አኩፓንክቸርን፣ የሥነ ልቦና ሕክምናን ከሚረዱት ውስጥ ያስገባል። ቀበቶን ግን አይመክርም። ስለዚህ ቀበቶሽን ቀስ በቀስ ተዪው። አኩፓንክቸር ወይም ማሳጅ ከሞከርሽ የሠለጠነ ባለሙያ ጋ፣ አኩፓንክቸር ከሆነ መርፌው አዲስ መሆኑን አይተሽ። ከዚያ ያገኘሽውን ፋታ ግን ለእግር ጉዞ ተጠቀሚበት፣ አለዚያ በሳምንቱ እዚያው ነሽ። በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ በደልዳላ መንገድ ጀምሪ። ሙቀትም ጥሩ ነው። ሙቅ ውሃ በጎማ ከረጢት ሞልተሽ በፎጣ ጠቅልለሽ 15 ደቂቃ። ቆዳሽ ላይ በቀጥታ አታድርጊው፣ ተቃጥለው የሚመጡ አሉ።

ወጌሻን በጅምላ አልኮንንም፣ እጃቸው የሚያሳርፍ አሉ። አከርካሪ ሲሆን ግን በጣም እፈራለሁ። አገራችን ውስጥ የአከርካሪ ቲቢ አለ፣ ሲጀምር ተራ የወገብ ሕመም ነው የሚመስለው። እሱ ላይ በጉልበት መጫንና ማጣመም ሰውን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ማታ ማታ የሚያልብሽ፣ የሚያተኩስሽ ወይም ክብደትሽ የቀነሰ ከሆነ መጀመሪያ ተመርመሪ። ሽንት መሽናት ወይም መያዝ ካቃተሽ፣ ጭንሽ መሃል ከደነዘዘሽ ወይም እግርሽ ከከዳሽ ደግሞ በዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ። ነገ አትበዪ።

መድኃኒት_ቤት_ሠራተኛ

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይጾማሉ? እኔ ጋ በዐቢይ ጾም ጨጓራቸው የሚቃጠል ሰዎች የሚበዙት ዲክሎፌናኩን ጠዋት በባዶ ሆድ ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ስለሚቆዩ ነው። ይሄ መድኃኒት ጨጓራ ያቆስላል፣ ረጅም ጊዜ ሲወሰድ ኩላሊትም ይጎዳል፣ ደም ግፊትም ይጨምራል። ሐኪም ሳያይዎት መግዛቱን ያቁሙና የኩላሊትና የግፊት ምርመራ ያድርጉ። ሰገራዎ ከጠቆረ ቶሎ ይታዩ፣ ጨጓራ እየደማ ሊሆን ይችላል። ከአይቡፕሮፌን ጋር አይደርቡት። «ጠንከር ያለ» ብለው ትራማዶል የሚሰጥዎት ሰው ካለም ደግመው ያስቡበት፣ ሱስ ያስይዛል።

ወለተ_ማርያም

ጸበሉን በተመለከተ። እኔ ሪህ አለብኝ፣ ጸበልም እጠመቃለሁ፣ መድኃኒቴንም እወስዳለሁ። አንዱ አንዱን አይከለክልም። ስግደቱ ግን ጉልበቴንና ወገቤን ይገድለኝ ነበር፣ አፍሬ ሳልናገር ሁለት ዓመት ተሰቃየሁ። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ቆመሽ ራስሽን ዝቅ አድርጊ፣ ይበቃሻል» አሉኝ። አንቺም ጠይቂ።

እናት_ከጉለሌ

ምን ልበላችሁ፣ እድሜ ይስጣችሁ። አዎ እጾማለሁ፣ ልክ እንደተባለው ጠዋት በባዶ ሆዴ ነው የምውጠው! ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሰኞ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ላብም ትኩሳትም የለብኝም። ዛሬ አምስት ደቂቃ ሄጄ ተመለስኩ፣ መመለሻው ላይ ትንሽ አመመኝ። ሲያመኝ ላቁም ወይስ ልቀጥል?

ፊዚዮ_ሐዋሳ

ትንሽ ማመሙ ተጎዳሽ ማለት አይደለም። በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልክሽ ነው፣ ሳምንቱን እዚያው ላይ ቆዪ። ካልተመለሰ ወደ ሦስት ደቂቃ አውርጂው። ወደ እግርሽ የሚወርደው እየባሰ ከሄደ ግን አቁመሽ ሰኞ ንገሪያቸው።