ክርክር፦ የጦርነት ሟች በቁጥር ይጠናል ወይ?

አወያይ፦ እንደምን አመሻችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች። ትናንት አንዱ «ጦርነትን በስታቲስቲክስ ማጥናት በሟች መቀለድ ነው» ብሎ ነገሩ ሳይቋጭ አደረ። ዛሬ ይለይለት። ስድብ የለም።

የጣርማበሩ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። እስቲ ቤቱ የተቃጠለበት የአጣዬ ሰው ጋ ሄዳችሁ ግራፍ አሳዩት!

የሒሳብ መምህሩ፦ ተረጋጋ ወንድሜ። ሪቻርድሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፣ የአየር ትንበያ ሊቅ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አምቡላንስ ይነዳ የነበረ። እሱ እ.ኤ.አ. ከ1820 ወዲህ ያሉትን ጦርነቶች ለቃቅሞ እንደ ርዕደ መሬት በሟች ብዛት ደረጃ አወጣላቸው። ያገኘውም ጦርነት የሚነሳበት ጊዜ ወቅትም ተራም እንደሌለው ነው። ብዙ ጎረቤት ያለው አገር ግን ብዙ ይዋጋል። ይሄን ሳትቆጥር በምን ታውቀዋለህ?

የጣርማበሩ፦ ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚጣላማ አያቴም ታውቃለች ሃሃሃ

ነርሷ፦ እኔን የሚያናድደኝ መቁጠሩ ሳይሆን ማን እንደሚቆጠር ነው። የስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የግጭት መዝጋቢዎች ግጭት የሚሉት በዓመት ቢያንስ 25 ሰው በውጊያ ሲሞት ነው፣ ጦርነት ለመባል ደግሞ 1000። እሺ፣ መንገድ ተዘግቶ ኢንሱሊን ያጣችው የስኳር ታማሚስ? የገደላት ጦርነቱ ነው፣ እዚያ ዝርዝር ላይ ግን የለችም።

የሒሳብ መምህሩ፦ ለእሱ ሌላ ስሌት አለ፣ የሰላሙን ጊዜ ሞት ከጦርነቱ ጊዜ የሚያነጻጽር።

የፍቼዋ፦ አጠገባችን ያለውን ረሳችሁት እኮ! ደብረ ሊባኖስ፣ 1929 ዓ.ም.። የጣሊያኑ ገዢ ግራዚያኒ አስገደልኩ ብሎ ለሮም ያሳወቀው 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች፣ ቀጥሎ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ እንጌጫ ላይ የተረሸኑ 129 ዲያቆናት ነው። ድምሩ 449። ኋላ ተመራማሪዎቹ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የዓይን ምስክር እየፈለጉ ሲያጠኑት ከ1400 እስከ 2000 ገደማ ሆነ። ባይቆጥሩልን ኖሮ እስከዛሬ የገዳዩን ቁጥር ስንደግም እንኖር ነበር።

የጣርማበሩ፦ እነሱ ሰው ለሰው ሄደው ጠየቁ፣ ያን ማን ጠላ? የኛን ዘመን ማን ይጠይቅልን? የትግራዩን ጦርነት አንዱ 300 ሺ ይላል፣ ሌላው 600 ሺ። በመሃል ያለው 300 ሺ ሰው እኮ ነው!

ነርሷ፦ ከእድር መዝገብ ይጀመር። እድር ቀባሪ ነው፣ ማን መቼ እንደሞተ ያውቃል። ተፈናቅሎ ሌላ አገር የተቀበረው ግን ያመልጠናል።

አወያይ፦ የእድር ጸሐፊ የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ።

የጣርማበሩ፦ ቆይ አወያይ፣ መዝገቡ ማን እጅ ይገባል? ነገ የበቀል መቀስቀሻ እንደማይሆን ሳላውቅማ የሰፈሬን ሟች ስም አልሰጥም።