የኮሮና ቫይረስ ኤን ፕሮቲንን ከኢ. ኮላይ አጥርቶ ለኤላይዛ ስለ መጠቀም

ጥያቄ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ የኮቪድ 19 ቫይረስን ኑክሊዮካፕሲድ፣ በአጭሩ ኤን የምንለውን ፕሮቲን፣ ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ አምርቼ በኤላይዛ (ፕሮቲን በተቀባ ሳህን ላይ በሚሠራ ምርመራ) አንቲቦዲ ለመለካት እየሠራሁ ነው። ጂኑ ከስድስት ሂስቲዲን መለያ ጋር በፔት 28 ፕላዝሚድ ላይ የተቀመጠ ሲሆን የባክቴሪያው ዝርያ ቢኤል 21 ነው። ጂኑን የሚያስነሳውን አይፒቲጂ ጨምሬ በ18 ዲግሪ ሴልሺየስ ካሳደርኩት በኋላ ሴሎቹን በሶኒኬተር ሰብሬ፣ 300 ሚሊሞላር ጨው ባለው ቡፈር መለያውን በሚይዝ የኒኬል ኮለም አሳልፌ፣ ከኒኬሉ በሚያላቅቀው ኢሚዳዞል አወጣዋለሁ። ምርቱ ብዙ ነው፤ በጄል ላይም 50 ኪሎዳልተን አካባቢ አንድ ወፍራም መስመር ብቻ ይታያል። ሆኖም ናኖድሮፕ በተባለው የብርሃን መለኪያ ስለካው የ260 እና የ280 ናኖሜትር ንባብ ጥምርታ 1.4 ገደማ ይመጣል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከ2012 ዓ.ም. በፊት ተሰብስበው በማቀዝቀዣ የቆዩ፣ ኮቪድን ሊያውቁ የማይችሉ ሴረሞች (የደም ፈሳሽ ናሙናዎች) በኤላይዛው ከፍ ያለ ንባብ መስጠታቸው ነው። ፕሮቲኑ ንጹሕ ከሆነ ይህ ከምን ሊመጣ ይችላል?

የመጀመሪያ መልስ

ጄሉ አልዋሸዎትም፤ ነገር ግን የሚያየው ግማሹን ብቻ ነው። የጄሉ ማቅለሚያ ኩማሲ ፕሮቲንን እንጂ አርኤንኤን አያቀልምም፤ ስለዚህ ፕሮቲንዎ አንድ መስመር ሆኖ እየታየ በባክቴሪያው አርኤንኤ እንደ ተሸፈነ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ፕሮቲን የሚሰጠው ጥምርታ 0.6 ገደማ፣ ንጹሕ አርኤንኤ የሚሰጠው ደግሞ 2 አካባቢ ነው። ኑክሊክ አሲድ በ260 ናኖሜትር ብርሃን የመምጠጥ ኃይሉ እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ፣ ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል አርኤንኤ ቢቀላቀልበት ብቻ ጥምርታው ከ1 ያልፋል። የእርስዎ 1.4 ከዚያም በላይ እንዳለ ይናገራል።

የፕሮቲኑን ሥራ ላስተዋለ ሰው ይህ የሚያስገርም አይደለም። ኤን 30,000 ያህል ኑክሊዮታይድ የሚረዝመውን የቫይረሱን አርኤንኤ ጠቅልሎ የሚይዝ ነው፤ በ419 አሚኖ አሲዶቹ መካከል ላይሲንና አርጂኒን ስለሚበዙ በተለመደው ፒኤች አዎንታዊ ሙል አለው። በኢ. ኮላይ ሴል ውስጥ የቫይረሱን አርኤንኤ ባያገኝም ያገኘውን ይይዛል፤ 300 ሚሊሞላር ጨው ደግሞ ይህን መያያዝ ለማላቀቅ አይበቃም።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ሴሎቹ እንደተሰበሩ አርኤንኤንና ዲኤንኤን የሚቆራርጡትን ኢንዛይሞች (ኑክሊዬዞች)፣ አርኤንኤዝ እና ዲኤንኤዝን፣ ጨምረው ትንሽ ያቆዩት፤ ፈሳሹ እንደ ንፍጥ መጎተቱን ሲተው ዲኤንኤው መቆራረጡን ያውቃሉ። ቀጥሎ ጨዉን ወደ 1 ሞላር ያሳድጉ። ብዙዎቹ ኑክሊዬዞች ጨው ሲበዛ ስለሚደክሙ ይህ ቅደም ተከተል ባይገለበጥ ይመረጣል። ፕሮቲኑ ኒኬሉን ከያዘ በኋላ ደግሞ እስከ 2 ሞላር በሚደርስ ጨው ሳይሰስቱ ይጠቡት፤ የሂስቲዲንና የኒኬል ትስስር ይህን ጨው ያለ ችግር ይችላል፣ የጨመሩት አርኤንኤዝም በዚሁ አጠባ ይወጣል። ከዚያ እንደ አርኤንኤ አሉታዊ ሙል ወዳለው ሄፓሪን ኮለም ቢያልፉና ጨዉን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ቢያወጡት፣ ቀሪው አርኤንኤ ከፕሮቲኑ ተለይቶ ይሄዳል። በመጨረሻ በመጠን የሚለየውን ጄል ፊልትሬሽን ያክሉበት፤ አርኤንኤ የያዘው ክምችት ኮለሙ መጀመሪያ በሚለቀው ክፍል ሲወጣ፣ ነጻው ኤን ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ዘግይቶ ይመጣል። ፕሮቲኑ ቅርጽ ያልያዙ ረጃጅም ክፍሎች ስላሉት ጥንዱ ከእውነተኛ ክብደቱ ከ92 ኪሎዳልተን በላይ መስሎ ቢወጣ አይደንግጡ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አርኤንኤው የለቀቀው ኤን ፕሮቲን በሚቆርጡ ኢንዛይሞች (ፕሮቲዬዝ) በቀላሉ የሚቆረጥ ስለሆነ ሥራውን ሁሉ በብርድ ያድርጉ፣ የፕሮቲዬዝ መከላከያ መድኃኒቱም ኢዲቲኤ የሌለበት ይሁን። ኢዲቲኤ ኒኬሉን ነቅሎ ሰማያዊ አረንጓዴውን ሬዚን ነጭ ያደርገዋል፤ ዲቲቲ የተባለው ኬሚካል ሲበዛ ደግሞ ቡናማ ይሆናል። የኮለሙን ቀለም መመልከት ከብዙ ድካም ያድናል። እንዲሁም አርኤንኤ እስካለበት ድረስ በ280 ንባብ የሰሉት የፕሮቲን መጠን የተጋነነ ነውና በብራድፎርድ (ፕሮቲንን በቀለም በሚለካ ዘዴ) ይለኩት። የኤላይዛ ሳህንዎ ላይ እስካሁን የቀቡት መጠን ከገመቱት ያነሰ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የቆዩት ሴረሞች ጉዳይ ግን በአርኤንኤ ብቻ የሚያልቅ አይመስለኝም። ኢ. ኮላይ በአንጀታችን የሚኖር ባክቴሪያ በመሆኑ የብዙ ሰው ሴረም በእርሱ ፕሮቲኖች ላይ አንቲቦዲ አለው። በጄል ላይ የማይታይ ጥቂት ቅሪት እንኳ ንባቡን ከፍ ያደርጋል። ስላይዲ የሚባለው የባክቴሪያው ፕሮቲን ሂስቲዲን ስለሚበዛበት ከእርስዎ ፕሮቲን ጋር ኒኬሉን ይዞ የመውጣት ልማድ አለው። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ባዶ ፕላዝሚድ የያዘ ቢኤል 21 አሳድገው፣ ሰብረው፣ ጭማቂውን በሴረም ማቅጠኛው ቡፈር ውስጥ ይጨምሩት፤ ኢ. ኮላይን የሚፈልጉት አንቲቦዲዎች እዚያው ይጠመዳሉ። ከዚሁ ባዶ ባክቴሪያ በኒኬል ያወጡትን ደግሞ በአንድ ረድፍ ጉድጓዶች ላይ ቀብተው ንባቡን ለማነጻጸሪያ ይያዙ።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሄፓሪን ኮለም የለንም፤ ብናዝዝም የውጭ ምንዛሬውና ጉምሩኩ ተጨምሮ ጥናቴ ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ያለ እርሱ መሥራት ይቻላል? ደግሞስ ኤንን ትቼ የስፓይክን (የቫይረሱን የላይ እሾህ ፕሮቲን) ተቀባይ አገናኝ ክፍል፣ ማለትም አርቢዲን፣ በዚሁ ባክቴሪያ ባመርት አይሻልም?

ሦስተኛ መልስ

ያለ ሄፓሪን ይቻላል። በ1 ሞላር ጨው ውስጥ ባለው ጭማቂ ላይ ፖሊኢትሊኒሚን በትንሽ በትንሹ ቢጨምሩ ኑክሊክ አሲዱ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል፣ ኤን ግን በፈሳሹ ይቀራል፤ በሴንትሪፊዩጅ ይለዩትና ፕሮቲኑን በአሞኒየም ሰልፌት አዝቅጠው ከተረፈው ፖሊኢትሊኒሚን ያላቁት፤ ከዚያ ወደ ኒኬል ይሂዱ። ሁለቱም ኬሚካሎች ርካሽ ናቸው፣ በብዙ መጋዘን ውስጥም ተረስተው ይገኛሉ። የኒኬል ሬዚኑንም አይጣሉት፤ በኢዲቲኤ ነቅለው፣ በሚገባ አጥበው፣ በኒኬል ሰልፌት እንደገና መሙላት ይቻላል።

አርቢዲን በኢ. ኮላይ ማምረትን ግን አልመክርም። ከ319ኛው እስከ 541ኛው አሚኖ አሲድ የሚደርሰው ይህ ክፍል አራት የዳይሰልፋይድ (የሰልፈር ለሰልፈር) ትስስሮችና ሁለት የስኳር መቀመጫዎች ስላሉት፣ በባክቴሪያው ሴል ውስጥ አብዛኛው ተዛብቶ ይታጠፍና በክምችት መልክ ይዘቅጣል። እሱን የሚፈልግ ሰው ኤችኢኬ 293 ወደተባሉት የሰው ሴሎች ቢሄድ ይሻለዋል፤ ያን ለማሳደግ አቅም ከሌለ ደግሞ ፒኪያ የተባለው እርሾ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ማብቂያ ህንድ የፈቀደችው ኮርቤቫክስ ክትባት አርቢዲ የተመረተው በዚሁ እርሾ ነው፤ ያውም አንዱን የስኳር መቀመጫ አስወግደውለት።

ከኤን ጋር የሚቆዩ ከሆነ ግን ከአዳዲሶቹ ናሙናዎች ጋር የክትባቱን ዓይነት መመዝገብዎን ያረጋግጡ። አስትራዜኔካና ጆንሰን የያዙት ስፓይክን ብቻ ስለሆነ በኤን ላይ አንቲቦዲ የሚገኘው በበሽታው ከተያዘ ሰው ነው፤ እንደ ሲኖፋርም ያለው የተገደለ ሙሉ ቫይረስ ክትባት ግን ኤንንም ይዟል፣ በአገራችንም ተሰጥቷል። የሲኖፋርም ተከታቢዎችን ከሌሎቹ ለይተው ካልተነተኑ፣ ፕሮቲንዎ የቱንም ያህል ቢጠራ በሽታውንና ክትባቱን መለየት አይችሉም።