በ50 ሜትር ተኩስ ብርሃን ሲለዋወጥ ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያን እንዴት ማስተካከል ይገባል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን ውስጥ በምኖርበት ከተማ የተኩስ ክለብ አባል ከሆንኩ 2ኛ ዓመቴ ሲሆን፣ በ.22 ካሊበር ጠመንጃ በደረቴ ተኝቼ የ50 ሜትር ዒላማ እተኩሳለሁ። የማነጣጥረው በኋላው ቀዳዳ በኩል የፊቱን ቀለበት፣ በቀለበቱ ውስጥ ደግሞ የዒላማውን ጥቁር ክብ መሐል ለመሐል አድርጌ በማየት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሰማዩ ደምኖ ሳለ ጥይቶቼ መሐል ባለው የ10 ነጥብ ክብ ላይ ተጠጋግተው ያርፉ ነበር፤ ፀሐይ ከቀኝ በኩል ብቅ ስትል ግን ወደ ግራ ሸሽተው 9 እና 8 ውስጥ መግባት ጀመሩ። የነፋስ ባንዲራዎቹ አልተንቀሳቀሱም። የማነጣጠሪያውን ማስተካከያ ቁልፍ ጥቂት ክሊክ (ቁልፉ ሲዞር ቀጭ የሚልበት ትንሽ እርምጃ) ወደ ቀኝ አዙሬ ባስተካክለውም፣ ደመናው ሲመለስ ደግሞ ወደ ቀኝ አለፈብኝ። ብርሃኑን በክሊክ እየተከተልኩ ልቀጥል ወይስ ሌላ መላ አለ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ በክሊክ መከተሉን አልመክርዎትም፤ በ50 ሜትር ዒላማ ከአንዱ የነጥብ ክብ ወደ ሌላው ያለው ርቀት 8 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ብርሃኑ ከእጅዎ ቀድሞ በተለወጠ ቁጥር አንድ ነጥብ ይከፍላሉ። መጠበቅ ያለብዎት ዓይንዎ የሚያየው ምስል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምቀት እንዲታይ ነው። ብርሃን ሲበረታ ነጩ ወረቀት ዓይንን ስለሚያጥበረብር ጥቁሩ ክብ ያነሰ ይመስላል፣ በቀለበቱና በክቡ መካከል ያለው ነጭ ክፍተትም የሰፋ ይመስላል፤ ሲደበዝዝ ይህ ይገለበጣል። ስለዚህ ቀዳዳው የሚጠብና የሚሰፋ አይሪስ ካለው፣ ፀሐይ ስትወጣ ያጥብቡት፣ ሲደምን ያስፉት። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.0 እስከ 1.3 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ እቆያለሁ። ከዚህ እጅግ ቢጠብ ምስሉ ከመጨለሙም በላይ የክቡ ጠርዝ ይደበዝዛል።

ሌላ መልስ፦
በአይሪሱ ጉዳይ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጥይቱ ወደ ጎን መሸሹን ሳይ የምጠረጥረው የፊቱ ቀለበት የተገጠመበትን ቱቦ ነው። ከጎን የሚመጣ ፀሐይ የቱቦውን የውስጥ ግድግዳ ወይም የቀለበቱን አንድ ጠርዝ ካበራው፣ ዓይን መሐሉን ይስታል። ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ በሰሌን ላይ ያስተኙትና ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ቱቦውን ከኋላ በኩል ይመልከቱ፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ካዩ በጥላሸት ያጥቁሩት፣ ወይም ከፊቱ የጥላ ቱቦ ይቀጥሉበት። የማያነጣጥረውን ዓይን የሚሸፍኑትም በጥቁር ነገር ከሆነ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ነጭ ላስቲክ ይተኩት፤ አንዱ ዓይን ሲጨልምበት የሌላኛውም ብሌን አብሮ ይሰፋልና። በዓለም አቀፉ ደንብ የውድድር ጥይት ከተጀመረ በኋላ የሙከራ ጥይት ስለማይፈቀድ፣ በደመናና በፀሐይ የትኛው የአይሪስ ቁጥር እንደሚስማማዎት በልምምድ ጊዜ በደብተር ይመዝግቡት።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት እንዳላችሁኝ ብመለከት፣ ከቱቦው አፍ በስተግራ ጥቁሩ ቀለም ጥፍር በሚያህል ቦታ ተፍቆ ብረቱ ያበራል። በሻማ ጥላሸት አጥቁሬ አይሪሱን ከ1.3 ወደ 1.1 በማጥበብ ፀሐይ ላይ 20 ጥይት ስተኩስ፣ 17ቱ ቁልፉን ሳልነካ 10 ውስጥ ገብተዋል። የተቀሩት 3ቱ 9 ላይ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ግን ረጅም ጊዜ አነጣጥሬ ዓይኔ ከደከመ በኋላ የለቀቅኋቸው ናቸው።