መስታወት ፊት ለምትውል እህቴ የንግግር ሕክምና ፍለጋ

ታናሽ እህቴ 19 ዓመቷ ነው፤ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አብረን ነው የምንኖረው። አፍንጫዋ የተጣመመ ይመስላታል፤ ለእኛ ምንም አይታየንም። በቀን ሦስት ሰዓት ያህል መስታወት ፊት ትቆማለች፣ ያለ ማስክ ደጅ አትወጣም። ኮምቦልቻ የጀመረችውን ኮሌጅ ከጥር ወዲህ ትታዋለች።

ጸበል ወስደናታል። የአእምሮ ሐኪም ያዘዘላትን ፍሉኦክሰቲን የተባለ መድኃኒት ከጀመረች ሦስት ወር ሆናት፤ እንቅልፏ ተመልሷል፣ መስታወቱ ግን እንዳለ ነው። ሐኪሙ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባል፣ በንግግርና በልምምድ የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምናም ያስፈልጋታል ብሎናል፦ ቀስ በቀስ ፊቷን ሳትሸፍን ሰው መሃል መውጣት፣ መስታወት ልይ የሚላትን ግፊት መቋቋም። እሱ ጋ ግን ወረፋው ብዙ ነው፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ አያገኛትም።

በጣም የሚቆጨኝ የራሴ ነገር ነው። "ጠማማ ነው አይደል?" ባለችኝ ቁጥር "ኧረ ቆንጆ ነሽ" እላት ነበር፤ ለካ የሚያረጋጋት ለደቂቃዎች ብቻ ነው፣ ከዚያ ጥያቄው ብሶበት ይመለሳል። አሁን ደግሞ ቀዶ ሕክምና ካልተሠራልኝ ብላ ይዛናለች፤ ሐኪሙ ይህን ሕመም ቀዶ ሕክምና አይፈውሰውም ብሏል።

በየሳምንቱ እያገኘ ይህን የንግግር ሕክምና የሚሰጣት ባለሙያ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ የት እናገኛለን?