የድሮ ኤን ፒ አር ኋላው ከፍ ብሎ ተሳቢው አልስተካከል አለ፤ እንዴት ዝቅ ይደረግ?

ጥያቄ፦ ጣርማበሬ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የድሮ ኤን ፒ አር (የአይሱዙ የጭነት መኪና) ነው። ቀድሞ አሸዋና ድንጋይ ሲጭን ስለኖረ ኋላው ላይ በየጎኑ ሁለት ሁለት ተጨማሪ የባሌስትራ (ክብደቱን የሚሸከመው የጎበጠ ብረት ድርብርብ) ቅጠል ገብቶለታል። ከባሌስትራውና ከአክስሉ መሐል ደግሞ 5 ሴንቲ የብረት ታኮ አለ። አሁን ሥራው መጫን ሳይሆን መጎተት ነው፦ ባለ አንድ አክስል የካባ ኮምፕሬሰር፣ 1.8 ቶን ገደማ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት። ራሱ መኪናው ላይ የሚጫነው ጥቂት ዕቃ ብቻ ነው።

የመጎተቻው ጋንቾ ከመሬት 94 ሴንቲ ነው። ኮምፕሬሰሩ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም አፉ (ጋንቾው ላይ የሚያያዘው ጫፍ) 80 ሴንቲ ላይ ነው የሚሆነው። ሲያያዝ እንግዲህ አፍንጫውን ሰቅሎ ይሄዳል፣ ከ50 በላይ ሲነዳ ጭራው ይወዛወዛል። የጣርማበር ቁልቁለት ላይ ጉም ወርዶ አስፋልቱ ሲረጥብ፣ ኤግዞስት ብሬክ (የሞተሩን ጭስ አፍኖ መኪናውን የሚያዘገየው) ሲያዝ የኋላ ጎማ ይንሸራተታል። 14 ሴንቲ ማውረድ ይቻላል? ባሌስትራ ሠሪው «በእሳት አሙቄ ላስተኛልህ» እያለ ነው።

የጋራዥ ልጅ

የእሳቱን ነገር እርሳው ወንድሜ። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ወደ 850 ዲግሪ ሞቆ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያ እንደገና በልኩ ተሞቆ ነው። በኦክስጅን እሳት መሐሉን ሲያቀላው ያ ሁሉ ይጠፋል። የሞቀው ቦታ ይለሰልስና ብዙም ሳይቆይ ይተኛል፤ የሞቀውና ያልሞቀው የሚገናኙበት መስመር ደግሞ ይሰነጠቃል። ግራና ቀኙ እኩል ስለማይሞቅም መኪናው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። በቀዝቃዛው በመዶሻ እያሳሱ ማስተኛት የሚችል ሰው አለ፣ ግን ላንተ እሱም አያስፈልግህም። በኋላ የተጨመረው ነገር እዚያው አለ፣ እሱን አውጣ።

ሁለት ልክ ስጠን፦ ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል ስንት ነው? ከኋላ አክስል እስከ ጋንቾውስ?

ጣርማበሬ

3.40 ሜትር እና 1.20 ሜትር። የቅጠሉ ውፍረት 12 ሚሊ ነው።

መንዝ መካኒክ

እንግዲያው አክስሉ ላይ 14 ሴንቲ ማውረድ የለብህም። ጋንቾው ከአክስሉ ወደ ኋላ ስለወጣ ከአክስሉ ይበልጥ ይወርዳል። 1.20ን ለ3.40 ስታካፍል 0.35 ነው፤ አክስሉ ላይ የወረደው እያንዳንዱ 1 ሴንቲ ጋንቾው ላይ 1.35 ይሆናል ማለት ነው። ለ14 ሴንቲ አክስሉ ላይ የሚፈለገው 10.4 ያህል ነው።

ታኮው ሲወጣ 5 ሴንቲ ሙሉውን ይወርዳል። ሁለቱ ቅጠሎች ሲወጡ 2.4 ሴንቲ በውፍረታቸው ብቻ ይወርዳል፤ የቀሩት ደግሞ ስለሚላሉ ተጨማሪ 1 ሴንቲ ያህል ይሰምጣሉ። ድምሩ 8.4፣ ጋንቾው ላይ ደግሞ 11 ሴንቲ ከምናምን። የቀረችውን ትንሽ ነገር ጋንቾው ራሱ ላይ ትጨርሳታለህ፣ ባሌስትራውን ለእሷ ብለህ አትንካ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሌሎችም የምታነቡ። ታኮ ማውጣት መኪናውን የሚያወርደው ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ሲያልፍ ነው፤ ኤን ፒ አር እንደዚያ ነው። ባሌስትራው ከአክስሉ በታች የሚያልፍበት መኪና ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ታኮ ሲገባ ነው መኪናው የሚወርደው። በርከክ ብላችሁ ሳታዩ ከሌላ መኪና አትቅዱ።

የጋራዥ ልጅ

አሠራሩ እንደዚህ ነው። ደልዳላ ቦታ አቁም፣ የፊት ጎማዎች ስር ከፊትም ከኋላም ድንጋይ አድርግ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች ላይ ከአንድ ቀን በፊት ዘይት ወይም ናፍጣ አፍስስባቸው። ሻንሲውን ከኋላ ባሌስትራው ፊት አንስተህ በጠንካራ መደገፊያ አስቀምጥ፤ ክሪክ ብቻውን ይዞት እንዳትገባበት። አክስሉን ሌላ ክሪክ ይያዘው። አንድ ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው እለፍ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከፈታህ አክስሉ ይዞርብሃል፣ ካርዳኑም (ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ አክስል የሚሄደው የሚዞር ዘንግ) ይጎተታል። ሾኩን ከታች ፍታው።

ቅጠሎቹን ከመበተንህ በፊት ጥቅሉን ከመሐል ብሎኑ ግራና ቀኝ በሁለት ሞርሳ እሰረው። ጎብጠው የተጫኑ ቅጠሎች ናቸው፤ የመሐል ብሎኑ ዳዶ ሲለቅ ጥቅሉ ይስፈነጠራል፣ ጣት ይቆርጣል። ሞርሳውን ቀስ እያልክ አላላ። የምታወጣው የተጨመሩትን ነው፦ ጫፋቸው ብዙ ጊዜ በእሳት የተቆረጠ ነው፣ ጉብጠታቸውም ከሌላው አይገጥምም። ዓይን ያለውን ዋናውን ቅጠልና ተከታዩን እንዳትነካ። ጥቅሉ ከተበተነ አይቀር እያንዳንዱን በሽቦ ብሩሽ ጠርገህ የመሐል ቀዳዳው ዙሪያ ስንጥቅ ካለ እይ። የሚሰበረው እዚያ ነው።

የመሐል ብሎኑን በአጭር ቀይር። የብሎኑ ራስ አሁን በቀጥታ አክስሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ነው የሚቀመጠው፤ ድሮ ታኮው ቀዳዳ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ራሱን በካሊፐር ለካውና ቀዳዳው ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባቱን በዓይንህ አይተህ ነው ዩ ቦልት የምታጠብቀው። ራሱ ወፍሮ ጠርዝ ላይ ከቀረ ዳዶው የጠበቀ ይመስልሃል፤ ትንሽ ሄዶ ግን አክስሉ ይንሸራተትና መኪናው እንደ ሸርጣን በጎን ይሄዳል።

ክሪክ

ዩ ቦልቱ ላይ ልጨምር። አሮጌውን አትመልስ። ታኮና ቅጠል ሲወጣ ጥቅሉ 7.4 ሴንቲ ያጥራል፣ ዳዶው ጥርሱ ያለቀበት ቦታ ደርሶ ይቆማል፤ መፍቻው «ጠበቀ» ይላል፣ ባሌስትራው ግን አልተያዘም። አዲስ ስታሠራ ሦስት ልክ ስጥ፦ የብረቱ ውፍረት፣ የውስጥ ስፋት፣ የእግር ርዝመት። ዳዶው ከገባ በኋላ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ጥርስ ቢተርፍ ይበቃል። ከፌሮ ቆርጦ በእሳት የሚያጎብጥ አለ፤ ያ የቤት ብረት ነው፣ ይለጠጣል። አራቱን ዳዶ በመስቀል አቅጣጫ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቅ። መጨረሻውን የምታጠብቀው ጎማው መሬት ነክቶ ክብደቱ ካረፈ በኋላ ነው፤ የባሌስትራ ዓይን ብሎኖችም ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) ካላቸው እንደዚያው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይኖርና ይቀደዳል። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያ ከ500 በኋላ እንደገና ፈትሽ። የመንዝ ኮረት መንገድ ላይ ከሄድክ ደግሞ በየጉዞው።

መንዝ መካኒክ

ታኮውን ስታወጣው ፊትና ኋላ ውፍረቱን ለካ። አንዳንዱ እንደ ሽብልቅ አንድ ጫፉ በ3 ወይም 4 ሚሊ ይቀጥናል፤ ለካርዳኑ አንግል ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። እንደዚያ ከሆነና ያለ ሽብልቅ ከመለስከው ዲፈረንሻሉ አፍንጫውን ይቀይራል፣ ክሮቼራው (የካርዳኑ መገጣጠሚያ) ከ50 እስከ 60 ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በስልክ ያለውን የአንግል መለኪያ ካምቢዮው (ማርሽ ሳጥኑ) መውጫ ላይና ዲፈረንሻሉ አፍ ላይ አስቀምጥ፤ የሁለቱ ልዩነት ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ባሌስትራው ሲሰምጥ አክስሉን የሚያቆመውን ትንሽ ጎማም እይ፤ ሻንሲው ላይ ያለውን ማለቴ ነው። ይህ ማቆሚያ የሚመታው የዩ ቦልቱን ሳህን ከሆነ ታኮ ማውጣቱ ክፍተቱን አይቀንሰውም። የአክስሉን ቱቦ የሚመታ ከሆነ ግን በታኮው ብቻ 5 ሴንቲ ተበልቷል። ረዳት ባሌስትራውም በታኮው አይነካም፤ የሚቀርበው ቅጠሎቹ ስለላሉ 1 ሴንቲ ብቻ ነው። የሚሽከረከረው የኋላ ጎማ ከላይ ካለው ወለል ጋር ያለው ክፍተት ግን በ8.4 ይቀንሳል፤ መንታ ጎማ ውስጥ ድንጋይ ገብቶ ሲሽከረከር ወለሉን እንዳይመታ ቦታ ይኑረው።

የሮቢት ሹፌር

ሁሉም ትክክል ነው፣ ግን ቅጠል ካወጣችሁለት ነገ ሽንኩርት ልጫን ቢል ምን ሊሆን ነው? ታኮውን ብቻ አውጥቶ ቅጠሉን ቢተው አይሻልም?

የጋራዥ ልጅ

ጥያቄህ ልክ ነው፤ መጫንም መጎተትም ከሆነ አንዱን ቅጠል ይተው። እሱ ግን መጎተት ብቻ ነው ያለው። የሚያንሸራትተው ደግሞ ያ የጠነከረ ባሌስትራ ነው። ኤግዞስት ብሬክ የሚሠራው በኋላ ጎማ ብቻ ነው፤ ኋላው ባዶ ሆኖ ባሌስትራው ለ4 ቶን ከተሠራ ጎማው እየዘለለ እንጂ መንገዱን ይዞ አይሄድም። ቅጠሉ ቢወጣም መኪናው የፋብሪካ አቅሙን አላጣም፣ ከፋብሪካ በላይ የተጨመረውን ነው ያጣው። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ በር እስከ 1,300 ገደማ ሲወርድ በዝቅተኛ ማርሽ ይያዝ፣ እርጥብ ላይ ኤግዞስቱን አይንካ፣ ከአክስሉ ፊት ለፊት አምስት ኩንታል አሸዋ ቢጭን ደግሞ ይበልጥ ይይዛል።

ጣርማበሬ

አመሰግናለሁ። በተባለው መሠረት ተሠርቷል። ታኮው ቀጥ ያለ ነበር፣ ሽብልቅ አይደለም። ጋንቾው አሁን 83 ነው፣ ኮምፕሬሰሩ ሲያያዝ 82። የቀረውን 2 ሴንቲ ጋንቾውን ፈትቼ ወደታችኛው ቀዳዳ ላውርደው? ጭራው መወዛወዙ ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም።

ክሪክ

ቀዳዳው ካለ አውርደው። ሻንሲው ላይ ግን አዲስ ብየዳ አታስጀምር።

የጭራው ነገር አሁን ከመኪናው አይደለም። የኮምፕሬሰሩ አፍ ስንት እንደሚከብድ መዝን፦ የእህል ሚዛን አምጣ፣ ላዩ ላይ እንጨት አቁም፣ አፉን 80 ሴንቲ ላይ አሳርፍበትና አንብብ። የእንጨቱን ክብደት ቀንስ። ኮምፕሬሰሩ ላይ በተለጠፈው ሳህን የተጻፈ ከፍተኛ ልክ ካለ ከእሱ አይለፍ፣ ግን በጣም ከቀለለ ጭራው ይወዛወዛል። መሮ ብረቱና ቱቦው ከኋላ በር አጠገብ ታስሮ ከሆነ ከአክስሉ ወደፊት አምጣው፤ 60 ኪሎ ከኋላ ወደፊት ሲዞር ትልቅ ለውጥ ነው።

መንዝ መካኒክ

የፊት መብራቱንም አስተካክል። ኋላው 8 ሴንቲ ሲወርድ መኪናው በ1.4 ዲግሪ ያህል ፊቱን አንስቷል፤ በ25 ሜትር ላይ መብራቱ 60 ሴንቲ ወደ ላይ ሄዷል ማለት ነው። ማታ ከደብረ ሲና ሲመጣ የሚገናኘውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል። መሪውም ትንሽ ሊከብድ ይችላል፣ ያ ጉዳት የለውም። የኋላ ፍሬን ቱቦው ልል ሆኖ ካርዳኑን ወይም ጎማውን እንዳይነካ ግን ዛሬውኑ ስሩ ገብተህ እይ።