የእንቆቆ ኤምበሊን ክሪስታል ለኤክስሬይ አልሆነኝም፤ የቱ ጋ ላስተካክል?

ቤዛ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከእንቆቆ ፍሬ ኤምበሊን (ብርቱካናማ ውህድ ነው) አውጥቼ መዋቅሩን በነጠላ ክሪስታል ኤክስሬይ ማስለካት ፈልጌ ነበር። 200 ግራም የደረቀ ዱቄት በክሎሮፎርም ዘፍዝፌ፣ አጣርቼ፣ በሮታቫፖር (ፈሳሹን በዝቅተኛ ግፊት የሚያተን መሣሪያ) ሳተነው ቅባት የበዛበት ብርቱካናማ ዝቃጭ ቀረኝ። ሲሊካ ኮለም (ውህዶችን የሚለይ፣ በሲሊካ ዱቄት የተሞላ ቱቦ) ላይ ስጭነው ከላይ እስከ ታች ተጎተተ። ከኤታኖል ሳቀዘቅዘው የሚወጣው ስስ ቅርፊት ነው፤ ለኪዎቹም «ተደራርቧል» ብለው መለሱት።

ኮለም ጠባቂ፦
ቅባቱ ከኮለሙ በፊት ይውጣ። ዝቃጩን በቀዝቃዛ ፔትሮሊየም ኤተር ሁለት ሦስቴ እጠቢው፤ ዘይቱ ይሄዳል፣ ኤምበሊኑ አብዛኛው ይቀራል። ካሞቅሽው ግን እሱም አብሮ ይሟሟል።

የሚጎተተው ኤምበሊን ሁለት ሃይድሮክሲል (OH) ያለው ኪኖን ስለሆነ ነው፦ አሲድነት አለው፣ ሲሊካው ውስጥ ያለችውንም ጥቂት ብረት ይይዛል። 3 ግራም ኦክሳሊክ አሲድ በውሃ አሟሚና 100 ግራም ሲሊካ ለውሺበት፣ በ60–70 ዲግሪ አድርቂ፣ ኮለሙን በዚያ ሙይ። በሄክሳንና ኤቲል አሲቴት 9 ለ 1 ጀምሪ። የሰበሰብሽውን በዲስትልድ ውሃ እጠቢ፣ የወረደ ኦክሳሊክ ካለ ይወጣል። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ባይካርቦኔቱ ቀለሙን ወደ ወይን ጠጅ ይወስደዋል።

ጋሽ ሲሊካ፦
ክሪስታል ከመጀመርሽ በፊት ንጽሕናውን እዪ። ቲኤልሲው (ውህዶችን የሚለየው ስስ የሲሊካ ሳህን) ላይ ነጠብጣቡ በዓይን ይታያል፤ የአሞኒያ ትነት ሲነካው ወይን ጠጅ ይሆናል። መቅለጫው 142–143 ዲግሪ ነው። ይህ ብቻ ግን አያሳምነኝም። ራፓኖን የሚባለው ወንድሙ የሚለየው ጭራው 13 ካርቦን በመሆኑ ነው፣ የኤምበሊን 11። ቲኤልሲ አይለያቸውም ማለት ይቻላል፣ አንድ ክሪስታል ውስጥም ተቀላቅለው ይገባሉ። ማስ ስፔክትረም (የሞለኪውል ክብደት ልኬት) አሠሪ፦ ኤምበሊን 294፣ ራፓኖን 322። ገበያ የገዛሽው ከሆነ ደግሞ ፍሬው ቀጨሞ አለመሆኑን ለዕፅዋት ባለሙያ አሳዪ፤ እሱም ኤምበሊን አለው፣ ግን ጽሑፍሽ ላይ የተክሉ ስም ይሳሳታል።

መዋቅር፦
ቅርፊት የሚሆነው በዚያ ረጅም ጭራ ምክንያት ነው። ሞለኪውሎቹ በንብርብር ይደረደራሉ፤ ንብርብሩ ወደ ጎን ቶሎ ይሰፋል፣ ወደ ላይ ግን በዝግታ ነው የሚወፍረው። ስለዚህ እድገቱን ማዘግየት ነው መፍትሔው።

10 ሚሊ ግራም በ0.5 ሚሊ ሊትር ኤቲል አሲቴት አሟሚ። ፓስተር ፒፔት ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቀሽ አጣሪው፤ ብናኝ ካለ ክሪስታሉ መቶ ቦታ ላይ ይጀምርብሻል። በትንሽ ቪያል አድርገሽ ክዳኑን ሳትዘጊ 3 ሚሊ ሊትር ፔንቴን ባለው ትልቅ ቪያል ውስጥ አቁሚው፣ ትልቁን ግጠሚ፣ ንዝረት የሌለበት ቦታ ይቀመጥ። ጎን ለጎን ሌላ ቪያል በኤታኖልና በውሃ ሞክሪ፣ ሦስተኛውን ትኩስ የኤታኖል ሙሙት በዲዋር (ሙቀት በሚይዝ ቴርሞስ) ውስጥ በዝግታ አቀዝቅዢ። የትኛው እንደሚሠራ አስቀድሞ አይታወቅም። በየቀኑ እያነሱ ማየት ግን ክሪስታል ያበላሻል።

ቤዛ፦
አመሰግናለሁ። ሲወጣልኝ አድርቄ ልላከው?

መዋቅር፦
አታድርቂው። ስስ ስለሆነ ሲነካ ይታጠፋል። ካደገበት ፈሳሽ ጋር፣ ቪያሉን እስከ አፉ ሞልተሽ ላኪው። መጀመሪያ በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ አዙሪው፦ በየ90 ዲግሪው ሙሉው በአንዴ ከጨለመ ነጠላ ነው፣ ከፊሉ ብቻ ከጨለመ ተደራርቧል። 0.1 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይበቃል። ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ብቻ ስለሆነ ሲግናሉ ደካማ ነው፤ በመዳብ ጨረር፣ በ100 ኬልቪን እንዲለኩልሽ ጠይቂ።